ሳማና የባሕር ማዶ ዘመዱ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጫወተው በሩቅ ስላለ ነገር ነው። ዛሬ ግን አንባቢዬን ከአጥሩ ሥር ወደሚበቅልና ምናልባትም በልጅነቱ አንድ ቀን አስለቅሶት ወደሚያውቅ ቅጠል ልመልሰው አስቤአለሁ፤ ይኸውም ሳማ ነው። ስለ ሳማ እንድጽፍ ያነሣሡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሰማሁት ሣቅ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከባሕር ማዶ የመጣልኝ ደብዳቤ ነው።

ከሣቁ ልጀምር። ትምህርት ቤታችን ያለው በደጋ አገር ነው። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የሚመጡት ተማሪዎች ምሳቸውን ቋጥረው ይመጣሉ፤ በምሳ ሰዓትም ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንዱ የሌላውን እየቀመሰ ባንድነት ይበላሉ። በመስከረም መጨረሻ ገደማ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ቋጠሮውን ቢፈታ በገብስ እንጀራ ላይ የፈሰሰ ጠቈር ያለ አረንጓዴ ወጥ ታየ። ከከተማው ልጆች አንዱ ይህን አየና «ይኼ ሳማ አይደለም እንዴ? አህያ እንኳ ሸሽቶ የሚያልፈውን ነገር ሰው ይበላዋል?» አለ። ክቡ በሙሉ ሣቀ። ልጁ ምንም አልመለሰም፤ ቋጠሮውን መልሶ ቋጠረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሳ ሰዓት ከዛፉ ሥር አልታየም። ከሳምንት በኋላ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብቻውን ሲበላ አገኘሁት። ሲያየኝ ደንግጦ ተነሣና «ጠግቤአለሁ መምህር» አለኝ፤ ከእንጀራው ግን ገና ሩቡን ያህል እንኳ አልበላም ነበር።

መጀመሪያ ያሰብሁት የሣቁትን ልጆች ሰብስቤ መገሠጽ ነበር። ነገር ግን የገዛ ኅሊናዬ ከለከለኝ። እኔም በሳማ ያደግሁ ሰው ነኝ። በክረምት ጎተራው ሲጎድል እናቴ ማለዳ ተነሥታ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ከበረቱ ዙሪያ ሳማ ትቀጥፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቼ ጓደኞቼ ስለየአገራቸው ምግብ ሲጫወቱ «እናንተስ አገር በክረምት ምን ይበላል?» ብለው ቢጠይቁኝ «ጎመን» ብዬ መለስሁ። ማንም አልሣቀብኝም፤ እኔ ግን የእናቴን ወጥ ካድሁ። እንግዲህ የካደ ሰው የሣቀውን በምን አፉ ይገሥጻል? ዝም አልሁ።

በዚህ መካከል በስዊድን አገር የሚማር አንድ የኮሌጅ ጓደኛዬ ደብዳቤ ላከልኝ። እንዲህ ይላል፤ «ባለፈው ግንቦት አስተማሪዬ ለምሳ ቤታቸው ጋብዘውኝ ነበር። በነጭ ሳሕን አረንጓዴ ሾርባ ቀረበ፤ በላዩም ለሁለት የተከፈለ የተቀቀለ እንቍላል ተቀምጦበታል። የቤቱ እመቤት ይህ በጸደይ ወራት የሚሠራ የክብር ምግብ ነው ብለው በኩራት ነገሩኝ። ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ወደ ጓሮ ወስደው ቅጠሉን አሳዩኝ። ሳማ ነው! እናቴን አሰብኋትና ዕንባዬ መጣ፤ እመቤቲቱ ግን ሾርባው ያቃጠለኝ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።» ከደብዳቤው ጋር በወረቀት መካከል ተጭኖ የደረቀ አንድ የስዊድን ሳማ ቅርንጫፍ ነበረ።

በማግሥቱ ያን ደረቅ ቅርንጫፍ ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ደግሞ እጄን ጠቅልዬ አንድ የእኛን ሳማ ቈረጥሁ። ሁለቱን በነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ተማሪዎቹን «በእነዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉ» አልኋቸው። ያገኙት ልዩነት አራት ሆነ። የእኛ አረንጓዴ ነው፤ የፈረንጁ ቡናማ ነው። የእኛ ወፍራም ነው፤ የፈረንጁ ስስ ነው። የእኛ ጥሬ ቅጠል ይሸታል፤ የፈረንጁ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። የእኛ ይለበልባል፤ የፈረንጁ ግን አይለበልብም። ያ በምሳ ሰዓት የሣቀው ልጅ ተነሥቶ «እንግዲህ የፈረንጁ ለስላሳ ስለ ሆነ ይበላል፤ የእኛ ግን ክፉ ስለ ሆነ አይበላም» ሲል ፍርዱን ሰጠ። አነጋገሩ የተደራጀ ስለ ነበር ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ጊዜ ከወደ ኋላ አንድ ቀስ ያለ ድምፅ ተሰማ። ተናጋሪው ያ ብቻውን የሚበላው ልጅ ነበር። «መምህር፤ አንዱ እርጥብ ነው፤ አንዱ ደረቅ ነው። ታዲያ እንዴት ይወዳደራሉ?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም አስተማሪው ይህን አስቀድሜ አስቤበት ነበር ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ነገሩ እውነት ነው፤ ደረቅን ከእርጥብ ጋር አስተያይተን ፍርድ ሰጥተን ነበር። ስለዚህ የእኛንም ሳማ በጋዜጣ መካከል አድርገን ድንጋይ ጫንበትና ሳምንት ጠበቅነው። ከሳምንት በኋላ ስናወጣው እርሱም ቡናማና ስስ ሆኖ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸት ነበር፤ መርፌዎቹም ከክብደቱ የተነሣ ተሰባብረው ተጣብቀዋል። አራቱም ልዩነቶች ጠፉ። ተማሪዎቹ ሣቁ፤ ይህኛው ሣቅ ግን በራሳቸው ላይ ነበር።

እንግዲህ እውነተኛውን ዝምድናና እውነተኛውን ልዩነት በቅደም ተከተል እንመልከት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሁለቱም ሳማዎች የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት የወገኑን ስም ኡርቲካ ይሉታል፤ ቃሉ ላቲን ሲሆን የወጣውም ማቃጠል ከሚለው ግስ ነው። ሐኪሞች ቆዳን እየሻረ እያሳከከ የሚያሳብጠውን በሽታ ኡርቲካሪያ የሚሉትም ከዚሁ ከሳማ ስም ወስደው ነው። የአውሮፓውን ሳማ ታላቁ የስዊድን የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ኡርቲካ ዲዮይካ ብሎ ሰየመው። ዲዮይካ ማለት ባለ ሁለት ቤት ማለት ነው፤ ይኸውም ወንዴው አበባና ሴቴው አበባ በተለያየ ተክል ላይ፤ እንደ ተለያዩ ባልና ሚስት፤ በየቤታቸው ስለሚኖሩ ነው።

የእኛው ሳማ ደግሞ በሊቃውንት ዘንድ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል። ይህን ስም በሰሌዳው ላይ ስጽፈው አንዲት ተማሪ «ሲሜንሲስ ማለት የሰሜን ማለት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አዎን፤ ያው በደጃች ውቤ አገር ያለው የሰሜን ተራራ ነው። ቪልሄልም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1878 ድረስ ኑሮውን በዚሁ አደረገ። ከትግሬና ከሰሜን ተራራ የሰበሰባቸውን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ደረቅ ዕፅዋት ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ አሺል ሪሻርም ከ1847 እስከ 1851 ስለ ሐበሻ ዕፅዋት ባሳተመው ታላቅ ሥራ ብዙዎቹን ገልጾ አስተዋወቀ። ስለዚህ ሳማችን በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገባው በገዛ ተራራችን ስም ነው፤ የመዘገቡት ግን ሌሎች ናቸው። እኛ ለብልቦን በሸሸነው ቅጠል ላይ እነርሱ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ጻፉበት።

የመኖሪያቸው ስፋት እጅግ ይለያያል። የአውሮፓው ሳማ ዓለምን የዞረ ነው፤ በአውሮፓና በእስያ ሰፊ አገር ይበቅላል፤ ከሰፋሪዎች ጋር ባሕር ተሻግሮም አሜሪካን ወርሷል። የእኛው ግን መኖሪያው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ቆላ አይወርድም፤ ባሕርም አልተሻገረም። በየአጥሩ ሞልቶ ስለምናየው ተራ ነገር ይመስለናል እንጂ፤ አንድ የስዊድን ተማሪ በዱር በቅሎ ሊያየው ቢፈልግ ወደ እኛ ተራራ መምጣት አለበት። የአውሮፓው በቁመት ከሰው ሊበልጥና እስከ ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የእኛው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር አያልፍም። የአውሮፓው በበረዶው ወራት ከላይ ያለው አካሉ ይሞታል፤ ቢጫ ሥሮቹ ግን ከመሬት በታች እየሄዱ ይቈዩና በረዶው ሲቀልጥ ከሁሉ ቀድሞ ብቅ ይላል። የእኛው ዝናብን ይከተላል፤ በሰኔ ለምልሞ ክረምቱን ሁሉ ይቀጠፋል።

በቅጠል ቅርጽ ለመለየት መሞከር ግን ያሳስታል። ተማሪዎቹ ከአንዱ ተክል የታችኛውንና የላይኛውን ቅጠል ቢያስተያዩ በአንዱ ግንድ ላይ እንኳ ሰፊና ጠባብ፤ ክብና ሹል አገኙ። ሁለቱም ሳማዎች ቅጠላቸው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል፤ የሁለቱም ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ ሁለቱም መርፌ ታጥቀዋል።

ስለዚህ መርፌ ጥቂት ልናገር። በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በአጉሊ መነጽር ስላየው ነገር ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ውስጥ ለሳማ አንድ ክፍል ሰጥቶታል። መርፌውን በገዛ ቆዳው ላይ ተጭኖ በመነጽሩ ሲመለከት በውስጡ ያለው ውኃ መሰል ነገር ሲንቀሳቀስ አየ። ዛሬ የታወቀው ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ጠጉር ባዶ ቧንቧ ነው፤ ከሥሩ መርዙን የያዘ ከረጢት አለ፤ ጫፉ ልክ እንደ መስተዋት በሲሊካ የተሠራ ስለ ሆነ በጥቂት ንክኪ ይሰበራል። ሲሰበርም እንደ ሐኪም መርፌ ሰያፍና ሹል ሆኖ ቆዳን ይበሳል፤ ከረጢቱም ተጨምቆ መርዙ ይገባል። ብዙ ዘመን ሊቃውንት የሚያቃጥለው በጕንዳን ውስጥ የሚገኘው ፎርሚክ አሲድ ነው ይሉ ነበር። በ1947 ግን ኤሜሊንና ፌልድበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህ የሁለቱ ዘመድ በሆነው በትንሹ ሳማ ላይ ሠርተው ሂስታሚንና አሴቲልኮሊን የተባሉ ነገሮች እንዳሉበት አሳዩ። የሚያስደንቀው ሁለቱም በገዛ ሰውነታችን ውስጥ የሚገኙ መሆናቸው ነው። ሳማ ባዕድ ነገር ብቻ አያመጣብንም፤ የራሳችንንም ቋንቋ ተናግሮ ያስጮኸናል።

መድኀኒቱም ቢሆን ዘመድ አለው። እኛ በልጅነታችን ሳማ ሲለበልበን የቱልት ቅጠል እየቀጠፍን እናሽበት ነበር። የእንግሊዝ ልጆችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ የሚያሹበት ቅጠል ደግሞ የቱልት የቅርብ ዘመድ ነው። ሐኪሞች የመድኀኒቱን ፍቱንነት አያረጋግጡም፤ ምናልባት ቅዝቃዜውና ማሸቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የሆነ ሆኖ ያልተገናኙ ልጆች በሁለት ክፍለ ዓለም አንድ ዓይነት ቅጠል አንሥተው አንድ ዓይነት እንባ ማበሳቸው ያስደስታል።

ሁለቱ በጠባይ የሚስማሙበት ሌላ ነገር አለ፤ ሁለቱም ሰው የኖረበትን ቦታ ይወዳሉ። ሳማ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የበዛበትን አፈር ይሻል፤ ይህም የሚገኘው ከብት ባደረበት፤ አመድና ጥራጊ በተደፋበት ቦታ ነው። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም ፎስፎረሱ በአፈሩ ውስጥ ብዙ ዘመን ስለሚቈይ በአውሮፓ የጥንት ፍርስራሽ የሚፈልጉ ሰዎች የሳማ ቍጥቋጦ ሲያዩ ቆም ብለው ይመረምራሉ። በእኛም አገር ከባድማ ቤት መሠረት ላይ መጀመሪያ የሚበቅለው እርሱ ነው። የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1838 ባወጣው ተረቱ ውስጥ ወደ ወፍነት የተለወጡ ዐሥራ አንድ ወንድሞቿን ለማዳን ከሳማ ልብስ የምትሠራ ልጅ አለች፤ ሳማውንም የምትለቅመው ከመቃብር ቦታ ነው። ደራሲው የአፈር ኬሚስትሪ ሳይማር ሳማ የት እንደሚበቅል በትክክል ያውቅ ነበር።

የልብሱም ነገር ተረት ብቻ አይደለም። በዴንማርክ ሉሴሆይ በተባለ ቦታ ከአንድ የነሐስ ዘመን መቃብር የወጣ 2800 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ጨርቅ ከሳማ ጭረት የተሠራ መሆኑን ተመራማሪዎች በ2012 ገልጸዋል። በአንደኛውም የዓለም ጦርነት በ1914 እና በ1918 መካከል ጀርመንና አውስትሪያ የጥጥ መንገድ ተዘግቶባቸው ሳለ ሕዝቡ ሳማ እንዲለቅም አድርገው ለወታደሮቻቸው ጨርቅ ሠርተውበታል።

ወደ ምግቡ ስንመለስ ዋናውን ነገር እናገኘዋለን። ስዊድናዊቱ እመቤት በኩራት ያቀረቡት ሾርባ ከየት መጣ? በሰሜን አውሮፓ በጸደይ መጀመሪያ የባለፈው ዓመት እህልና ድንች ያልቃል፤ አዲሱ ገና አልደረሰም፤ በሜዳ ላይ ከሁሉ በፊት አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሳማ ነው። ገበሬው የለቀመው ለክብር ሳይሆን ለሆዱ ነበር። ዘመን ሲያልፍና ጎተራው ሲሞላ ግን ምግቡን አልጣሉትም፤ የጸደይ መታሰቢያ አደረጉት። በጀርመንም እኛ ጉልባን በምንበላበት በጸሎተ ሐሙስ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል መብላት ልማድ ነው፤ በድስቱ ውስጥ ከሚገቡት አንዱ ሳማ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች አንባቢዎቼ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ በእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረውና በዕለት ማስታወሻው የታወቀው ሳሙኤል ፒፕስ በፌብሩዋሪ 1661 በእንግድነት በሄደበት ቤት የሳማ ገንፎ እንደ በላና እጅግ እንደ ጣመው ጽፏል። ያ ሰው የንጉሥ ሹም ነበር፤ በሳማ አላፈረም።

በእኛም አገር ሳማ የሚበላው በዚያው ምክንያት ነው። ሐምሌና ነሐሴ አሮጌው እህል የሚያልቅበት፤ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ያለበት ወራት ነው። ሁለቱም ዘመዳሞች በባዶ ጎተራና በአዲስ እህል መካከል የተዘረጉ ድልድዮች ናቸው። እንግዲህ እኛ የሠራነው ስሕተት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ከሠሩት ጋር አንድ ነው፤ የእነርሱን የጠገበ ዘመን ሾርባ ከእኛ የተራበ ዘመን ወጥ ጋር አስተያይተን ቅጠላችንን ኮነንነው። እርጥብን ከደረቅ ጋር ነው ያወዳደርነው።

ቅጠሉ ራሱ ግን ኵነኔ አይገባውም። በፕሮቲን፤ በብረትና በካልሲየም የበለጸገ መሆኑን በላቦራቶሪ የመረመሩት ሰዎች ይመሰክራሉ፤ የአውሮፓውም የእኛውም በዚህ አይተናነሱም። አሠራሩን ለማያውቁት የከተማ ልጆች እናቴ የምትሠራውን ልንገራቸው። የሚቀጠፈው ሳያብብ ለጋው ጫፍ ብቻ ነው፤ ካበበ በኋላ ቅጠሉ ይጠነክራል። ታጥቦ ከፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ መርፌው ወዲያው ይሞታል። እስኪበስል ይቀቀልና በማማሰያ እየተመታ ይልማል፤ ከዚያም የተቈላ የባቄላ ወይም የገብስ ዱቄት ይነሰነስበታል። ነጭ ሽንኩርት፤ ጨውና ቃሪያ ሲጨመርበት የክረምቱን ብርድ የሚያስረሳ ወጥ ይሆናል። አንድ ምክር ግን ልጨምር፤ ሳማ ከአፈሩ የሚያገኘውን ሁሉ ስለሚስብ ከመኪና መንገድ ዳርና ከቆሻሻ ቦይ አጠገብ የበቀለውን አትልቀሙ።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ የሚቀረኝ አንድ ዕዳ ነበር። ለተማሪዎቹ «አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ያደግሁት በሳማ ነው፤ ኮሌጅ ሳለሁ ግን ጠይቀውኝ ጎመን ነው ብያለሁ» አልኋቸው። ማንም አልሣቀም። ብቻውን የሚበላው ልጅ መጀመሪያ እኔን፤ ቀጥሎም መሬቱን ተመለከተ።

ከዚያ ወደ አጥሩ ወጣንና ሳማ ሳይለበልብ እንዴት እንደሚቀጠፍ እንዲያሳየን ለመንሁት። ያለ ጨርቅ ጐንበስ ብሎ ከሥር ወደ ላይ፤ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አጥብቆ ይዞ ቀጠፈው። «እናቴ ፈርቶ የሚነካውን ነው የሚለበልበው ትላለች» አለ። ያ የከተማው ልጅ «እስቲ እኔ» ብሎ ቀረበ፤ እጁን ዘረጋ፤ በመካከሉ ግን ፈራና ዳር ዳሩን ነካው። ጩኸቱን ከመንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ብቻውን የሚበላው ልጅ ዞር ብሎ ቱልት ፈልጎ ቀጠፈና የጓደኛውን እጅ ይዞ ያሽለት ጀመር። ሁለቱም ምንም አልተናገሩም።

ልጁ በማግሥቱ ወደ ዛፉ ሥር ተመለሰ ብዬ ብጽፍ አንባቢ ደስ ይለው ነበር፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የተለበለበ ቆዳ በአንድ ቀን ይበርዳል፤ የተለበለበ ልብ ግን ጊዜ ይፈልጋል። የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያን ዕለት የያዘው ሽሮ ነበር። ሳማውን ያመጣው ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። ቋጠሮውን ሲፈታ ዙሪያውን ተመለከተ። መጀመሪያ እጁን የሰደደው ያ የከተማው ልጅ ነበር፤ ጐርሶ አላመጠና «ጨው ያንሰዋል» አለ። ከዚህ የተሻለ ይቅርታ በዚያ ዕድሜ አይጠበቅም።

እኔም በዚያ ሳምንት ለጓደኛዬ መልስ ጻፍሁለት፤ ከደብዳቤውም ጋር በጋዜጣ መካከል ያደረቅነውን የሰሜን ሳማ ላክሁለት። እነዚያ እመቤት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ። ለእናቴም ደብዳቤ ጽፌ በሚመጣው ክረምት ስመጣ ከሁሉ በፊት ምን እንድትሠራልኝ እንደምፈልግ ነገርኋት፤ ስሙንም ሳልለውጥ ጻፍሁት።

አንባቢዬ ሆይ፤ አንተም በከተማ ቢሮ ተቀምጠህ ስለ አገርህ ክረምት ቢጠይቁህ መልስህ ምን ይሆን? በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ አስብበት።